ስልክሽን አትሽጪው፦ ስለ ኢርፎኑም፣ ስለ ሜሴጁም፣ ስለ ዘፈኑም

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከምታስተምር አንዲት እህት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ብላክቤሪ ኪይ-2 ሰጠኝ፤ ያ ከታች የሚጫን ኪቦርድ ያለው። በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን እያስቸገረኝ ነው። በኢርፎን ዘፈን ስከፍት ሙዚቃው ይሰማል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። በኪቦርዱ አማርኛ መጻፍ አልቻልኩም። ለእናቴ አንድ ሜሴጅ ልኬ የሦስት ይቆርጥብኛል። ከቴሌግራም ያወረድኩት ዘፈን ማጫወቻው ላይ አይወጣም፣ ሜሞሪ ላይ ያለውም አንዳንዱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ጊዜው ያለፈበት ስልክ ነው ሽጪው እያሉኝ ነው። ልሽጠው? ጓደኛዬ ደግሞ የእኔን አይታ የድሮውን ብላክቤሪ ክላሲክ ልትገዛ ነው፣ ምን ትላታለህ?»

እህቴ፣ አትሽጪው። ከነገርሽኝ ውስጥ የስልኩ ብልሽት የሚመስል አንድም ነገር አላየሁም። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሞባይል ስሠራ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ደህናው ስልክ ተበላሸ ተብሎ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልነግርሽም፤ በጣም ነው የሚቆጨኝ። ስለዚህ ተረጋግተሽ አንብቢው፣ ትንሽ ረዘም ይላል።

ከኢርፎኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ዛሬውኑ ያልቃል።

«የዘፋኙ ድምፅ ራቀ» ስትዪ ወዲያው አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ኢርፎኑ ከስልኩ ጋር የመጣ ነው ወይስ ቤት ውስጥ የነበረ? የድሮ የኖኪያ ኢርፎን ከመሳቢያ አውጥተሽ ከሆነ በቃ አገኘሁት። አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። ዘፈን ክፈቺ፣ ከዚያ ገመዱ ላይ ያለችውን ስልክ ማንሻ በተን ተጭነሽ ያዢያት። ዘፈኑ ቢቆም እንደገና አስጀምሪው፣ በተኗን ግን አትልቀቂ። ድምፁ ድንገት ሞልቶ ዘፋኙ ጆሮሽ ሥር ከመጣ፣ ስትለቂያት ደግሞ ተመልሶ ከራቀ፣ ስልክሽ ጤነኛ ነው። የማይገጥመው ኢርፎኑ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የኢርፎኑን መሰኪያ ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪው። ሦስት ጥቁር ቀለበቶች አሉት፣ እነሱ ብረቱን አራት ቦታ ይከፍሉታል። ጫፉ የግራ ጆሮ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የቀኝ ጆሮ። የቀሩት ሁለቱ አንዱ የማይክ፣ አንዱ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም የሁለቱም ጆሮ የጋራ መመለሻ ናቸው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የድሮ ኖኪያዎች ማይኩን በፊት፣ መሬቱን በመጨረሻ ያደርጉ ነበር፤ የአሁኖቹ ስልኮች፣ ያንቺም ጭምር፣ ገልብጠውታል። በመልክ አንድ ናቸው፣ አንዱ ሌላው ላይ በደንብ ይሰካል፣ ግን የመሬቱ ሽቦ ማይኩ ላይ ያርፋል። መሬት ሲጠፋ ግራና ቀኙ እርስ በርስ ይያያዙና ጆሮሽ የሚሰማው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ይሆናል። የዘፋኙ ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ስለሚቀረጽ ይጠፋል። ወደ አንድ ጎን ተደርገው የተቀረጹት ክራሩ፣ ከበሮው፣ ጭብጨባው ግን ይቀራሉ። በተኗን ስትጫኚ ሁለቱ ሽቦዎች ስለሚገናኙ መሬቱ ይመለሳል፣ ዘፋኙም ይመለሳል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለት ጥቁር ቀለበት ብቻ ያለው ማይክ የሌለው ኢርፎን የኢርፎን ቀዳዳ ካለው ስልክ ሁሉ ጋር ይሠራል። ማይክ ካስፈለገሽ ለአሁኑ አንድሮይድ የተሠራ ግዢ፤ ሱቅ ውስጥ እያለሽ ሰክተሽ አንድ የምታውቂውን ዘፈን ሰምተሽ ነው የምትከፍይው። ሻጭ ሲያጣድፍሽ እሺ አትበይ።

በተኗን ስትጫኚ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ሌላ ነገር አለ። መሰኪያው ዳር ድረስ አልገባ ይሆናል፣ ያም ያንኑ ድምፅ ያመጣል። ባለፈው አንድ የቡና ነጋዴ አባት ስልካቸውን ይዘው መጡ፣ «ጆሮው ሞቷል» አሉኝ። በባትሪ አብርቼ ቀዳዳውን ሳየው ታችኛው ክፍል ግራጫ ሆኗል። በስንጥር እንጨት ቀስ እያልኩ ሳወጣው የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ጥጥ ሆኗል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንዲት የቡና ገለፈት ተጣብቃለች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያንቺም ቀዳዳ ከላይ በኩል ስለሆነ አቧራ ይቀበላል። ስልኩን አጥፊ፣ የእንጨት ስንጥር ተጠቀሚ፣ መርፌ እንዳትነኪ።

ወደ ሜሴጁ ልምጣ። ይሄን ማንም ስለማያስረዳ ብዙ ሰው ቴሌ ይዘርፈኛል ብሎ ያስባል። ቀስ ብለሽ ተከተዪኝ።

አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ልኩ ይሄው ነው፣ ስልክ ስለቀየርሽ አይሰፋም። የላቲን ፊደል ሲሆን አንዱ ፊደል 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን እዚያ ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። ስልኩ ሌላ አሠራር ይጠቀማል፣ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ አማርኛ 70 ፊደል ብቻ። ክፍት ቦታውም ይቆጠራል፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጮቹ እናትሽ ስልክ ላይ ተመልሰው እንዲገጣጠሙ ደግሞ እያንዳንዱ ትንሽ መለያ ይለጠፍበታል። መለያው ቦታ ስለሚበላ በየቁራጩ 67 ይቀራል። ከ135 እስከ 201 ፊደል የጻፍሽ እንደሆነ ሦስት ሜሴጅ ነው። ስልክሽ ላይ አንድ ሆኖ ይታይሻል፣ እናትሽም ጋ አንድ ሆኖ ይደርሳል፣ በመካከል የሄደው ግን ሦስት ነው። የተቆረጠብሽም የዚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ «እንግዲያው በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ልጻፍ» ይላል። ቆይ፣ እንቁጠረው። ለእናትሽ እንዲህ ጻፍሽ እንበል፦ «እማ ደህና ገባሁ። ጅማ ዝናብ ነው። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።» ቆጥሬዋለሁ፣ ከነክፍተቱ 37 ነው። ያንኑ በላቲን ፊደል ስጽፈው 56 ሆነ። የእኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን አምስት። ስለዚህ ልዩነቱ 160 ለ70 ይመስላል እንጂ በተግባር እንደዚያ አይሰፋም። በዚህ ምሳሌ 70 የአማርኛ ፊደል 106 ያህል የላቲን ፊደል ያክላል። አጭር መልእክት ከሆነ በአማርኛም በላቲንም የሚቆረጠው የአንድ ነው። እናትሽ ደግሞ በላቲን የተጻፈ አማርኛ ሲመጣላቸው ለጎረቤት ልጅ እያስነበቡ ከሆነ፣ በፊደላቸው ጻፊላቸው። ለዚያች ትንሽ ብር ብለሽ እናትሽን ከራሳቸው ደብዳቤ አታርቂያቸው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በላቲን 150 ፊደል ጽፈሽ መጨረሻ ላይ አንዲት የአማርኛ ፊደል፣ ወይም አንድ ኢሞጂ ብትጨምሪ፣ ሙሉው መልእክት ወደ 16 ቢት ይቀየራል። አንድ የነበረው ሦስት ሆነ ማለት ነው። አንዲቷ አበባ ዋጋ አላት።

ይሄ በተለይ እኛ ጅማ ያለነውን ይመለከተናል። ግማሹን ቀን በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ነው የምንጻጻፈው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ያንቺ ኪቦርድ ለእሱ የተሠራ ይመስላል፤ ከላይ ያልኳቸው አባት ድሮ ኖኪያ ኢ-71 ነበራቸው፣ ሰው እያነጋገሩ ቁልፉን ሳያዩ በሁለት አውራ ጣት የቡና ዋጋ ሲጽፉ አይቻለሁ። ሜሴጁም 160 ይይዛል። ግን በኦሮምኛ ቃል መሃል ድምፅ ቆረጥ የምታደርገውን ጭረት ተጠንቀቂያት። ቀጥ ያለችው ጭረት ትንሹ ሰንጠረዥ ውስጥ አለች፣ ችግር የለም። ከኮምፒውተር ወይም ከሌላ ቦታ ኮፒ ስታደርጊ የምትመጣው የታጠፈችው ግን የለችም፤ አንዷ ብቻ ሜሴጁን ወደ 70 ታወርደዋለች። ለተማሪ ወላጆች የምትልኪው ረጅም ማስታወቂያ ካለ ይቺን ነገር እዪ። ለ40 ወላጅ ሲላክ ልዩነቱ ብዙ ነው።

አሁን ኪቦርዱ ላይ አማርኛ ስለ መጻፍ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ስልኩ የተሟላ አይደለም። ቁልፎቹ ላይ የታተመው ላቲን ነው። የእኛ መሠረታዊ ፊደላት 33 ሆነው በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። በ26 የፊደል ቁልፍ ይሄን ለመጻፍ በኮምፒውተር እንደምናደርገው መጀመሪያ ተነባቢውን፣ ቀጥሎ አናባቢውን መጫን ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ነው። ስልኩ ላይ ግን ከስልኩ ጋር የመጣውን ኪቦርድ ከሌላ አፕ ጋር ለማስማማት ሲታገሉ ቆይተው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች መጥተውልኛል። እኔ የምመክርሽ ሁለቱን ማጋባት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ጂቦርድ የሚባለውን የጉግል የስክሪን ኪቦርድ ከፕሌይ ስቶር አውርጂ፣ ቋንቋ ውስጥ አማርኛ ጨምሪ። ከዚያ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ቋንቋና መጻፊያ፣ ፊዚካል ኪቦርድ የሚለው ውስጥ ግቢ። እዚያ «ቨርቹዋል ኪቦርድ አሳይ» የምትል ማብሪያ አለች፣ አብሪያት። ብዙ ሰው አማርኛ እምቢ አለ የሚለው ይቺ ስለማትበራ ነው፤ አንድሮይድ የሚጫን ኪቦርድ ካየ የስክሪኑን ይደብቀዋል። ከዚያ በኋላ ለእናትሽ ስትጽፊ ወደ ጂቦርድ ትቀይሪያለሽ፣ ለኦሮምኛውና ለእንግሊዝኛው ወደሚጫነው ትመለሻለሽ። ስክሪኑ 4.5 ኢንች ስለሆነ የስክሪን ኪቦርድ ሲወጣ ጠበብ ይላል፣ ያንን መታገስ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ይደክምሻል፣ ከዚያ እጅሽ ይለምዳል።

ረጅም ነገር ለመጻፍ ደግሞ ጂቦርድ ላይ ያለችውን ማይክ ተጫኚና ተናገሪ። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ የጀመረው እ.አ.አ. በ2017 ነው። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ አይሆንልሽም፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ግን ደህና አድርጎ ይጽፋል። ሳታነቢው እንዳትልኪ ብቻ።

ከዚሁ ጋር ያንቺን ስልክ የምወድበትን አንድ ነገር ላሳይሽ። ከኪቦርዱ ታች በቀኝ ጥግ ላይ ነጠብጣቦች ያሉባት ቁልፍ አለች። እሷን ይዘሽ አንድ ፊደል ስትጫኚ፣ የትም አፕ ውስጥ ብትሆኚ፣ ለዚያ ፊደል የመደብሽው ነገር ይከፈታል። አንዱን ፊደል ለዘፈን ማጫወቻሽ፣ አንዱን ለእናትሽ ሜሴጅ መድቢ። አጭር ጫንና ረጅም ጫን ስለሚለያዩ በ26ቱ ፊደል 52 ነገር መመደብ ይቻላል። ዘፈን እየሰማሽ መንገድ ላይ ብትሆኚ፣ ስክሪኑን ሳትፈልጊ በሁለት ቁልፍ እናትሽ ጋ ነሽ። በስክሪን ብቻ የሚሠራ ስልክ ይሄን አይሰጥሽም። ቁልፎቹን ሳትጫኚ ጣትሽን ከላያቸው ብታንሸራትቺ ደግሞ ገጹ ይንቀሳቀሳል፤ ሜሴጅ ስታነቢ ጣትሽ ስክሪኑን አይጋርድብሽም።

ዘፈኖቹ ጋ እንምጣ። ሁለት የተለያየ ችግር ነው የነገርሽኝ።

ቴሌግራም ላይ ዘፈን ስታወርጂ ፋይሉ የሚቀመጠው ቴሌግራም የራሱ ጓዳ ውስጥ ነው። ሌላ ማጫወቻ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ቴሌግራም ራሱ ውስጥ ይጫወታል፣ ማጫወቻው ላይ ግን የለም። ዘፈኑ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪና «ሴቭ ቱ ሚዩዚክ» የሚለውን ምረጪ። ያኔ ወደ ዘፈን ፎልደር ይወጣል፣ ማጫወቻውም ያየዋል። ይሄን ሳታደርጊ ብዙ ዘፈን ሰብስበሽ አንድ ቀን ስልኩ ሞላ ብለሽ የቴሌግራምን ካሽ፣ ማለትም ለጊዜው ያስቀመጠውን ፋይል፣ ካጸዳሽ ሁሉም ይሄዳል። ቻናሉ ካለ እንደገና ታወርጂዋለሽ፣ ቻናሉ ከተዘጋ ግን የለም። ቴሌግራም ራሱም የቆየ ፋይል እንዲያጠፋ የሚታዘዝበት ቦታ አለ፤ ዳታና ስቶሬጅ ውስጥ ገብተሽ ለስንት ጊዜ እንዲያቆይ እንደተደረገ እዪው።

ግማሽ ላይ የሚቆመው ግን ያሳስበኛል። አንድ ፈተና አድርጊ። የሚቆመውን ዘፈን ከሜሞሪ ካርዱ ወደ ስልኩ ኮፒ አድርጊና አጫውቺው። መጠኑንም እዪ። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተቀረጸ ኤምፒስሪ በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል፣ በ320 የተቀረጸ 2.4 ገደማ። የአራት ደቂቃ ዘፈን 1 ሜጋ ብቻ ከሆነ ሲወርድ ተቋርጧል፣ እንደገና አውርጂው። መጠኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከቆመ፣ እና የቆዩት ዘፈኖች ደህና ሆነው አዲስ የጨመርሻቸው ከሆኑ የሚቆሙት፣ ካርዱ የውሸት ሊሆን ይችላል።

የውሸት ካርድ ማለት ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ነው። ለስልኩም 64 ነኝ ብሎ ይዋሻል። የመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋ ደህና ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይ የምትጽፊው የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፣ ወይም የፊተኛውን ደምስሶ ነው የሚቀመጥ። እኔ ይሄን የተማርኩት ከፍዬ ነው። የአባቴን የድሮ ካሴቶች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ቀርጬ፣ ወራት ፈጅቶብኝ፣ ርካሽ ብዬ የገዛሁት ካርድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ካሴቶቹ አርጅተው ነበር፣ ሲቀረጹ የተበጠሱም ነበሩ። ኮምፒውተሬን ፎርማት ካደረግሁ በኋላ ካርዱን ስከፍተው ዝርዝሩ ሙሉ ነው፣ ዘፈኑ ግን የለም። ከዘፈን በላይ የቆጨኝ ከአንዱ ካሴት ጀርባ ላይ አባቴ ለአጎቴ የላከው የድምፅ ደብዳቤ ነበር። ያን አላገኘሁትም። ስለዚህ አዲስ ካርድ ሲገዛ ምንም ሳይቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ኤች-ቱ-ቴስት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈተን። ካርዱን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን እቅጩን ይነግርሻል። ካርዱን ይዘሽ ከመጣሽ እኔ እፈትንልሻለሁ። የምትሳሺለት ነገር ካለ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጪው።

ማጫወቻውን በተመለከተ ቪኤልሲን ጫኚ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ያልሰማሽውን የፋይል ዓይነት ሁሉ ይከፍታል። ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑ የሚቆም ከሆነ የባትሪ ቆጣቢው ነው የሚገድለው፤ ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ለቪኤልሲ ፈቃድ ስጪው።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሌ የማየው ነው። የአንድ ዘፋኝ ሥራ ማጫወቻው ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ተበታትኖ ታገኚዋለሽ። አንዱ «ጥላሁን ገሠሠ» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፏል፣ አንዱ «ጥላሁን ገሰሰ» በእሳቱ ሰ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለስልኩ ግን «ሠ» እና «ሰ» የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደሎች ናቸው፣ ስለዚህ ሁለት ዘፋኝ ያደርጋቸዋል። ፍለጋውም እንደዚያው ነው። «ፀሐይ» ብለሽ ፈልገሽ ያጣሽው ዘፈን «ጸሀይ» ተብሎ ተቀምጦ ይሆናል። ሜሴጅ ስትፈልጊም፣ ስም ስትፈልጊም ያው ነው፤ ስልክ ቁጥር መዝግበሽ «ኃይሌ»ን በሃሌታው ሀ ብትፈልጊው ላታገኚው ትችያለሽ። ስትመዘግቢ አንድ አጻጻፍ ያዢና በዚያው ቀጥዪ። የዘፈን ስም ፋንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ስሙ የተመዘገበው አማርኛ በማያውቅ የድሮ አሠራር ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤምፒስሪታግ በሚባል ፕሮግራም ስሙን እንደገና በአማርኛ ጽፈሽ ብታስቀምጪ ይስተካከላል።

ዘፈን እየሰማሽ በየሜሴጁ ድምፁ ዝቅ ከፍ ካለብሽ ሁሉንም አትዝጊው። ያንቺ ስልክ አንድሮይድ 8.1 ነው፣ ከ8 ጀምሮ ኖቲፊኬሽን በየዓይነቱ ተለይቶ ይዘጋል። የሚረብሽሽን ቡድን ኖቲፊኬሽን ተጭነሽ ስትይዢው የዚያን ዓይነት ኖቲፊኬሽን ብቻ መዝጊያ ይወጣል። የቡድኑ ጫጫታ ይዘጋል፣ የእናትሽ ሜሴጅ ይሰማል።

አሁን ጓደኛሽ። ክላሲኩን እንዳትገዛ ንገሪያት። መልኩ ካንቺው ጋር ይቀራረባል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ክላሲክ፣ ፓስፖርት፣ ኪው-10፣ የድሮዎቹ ቦልድና ከርቭ፣ እነዚህ ሁሉ በብላክቤሪ በራሱ ሲስተም ነው የሚሠሩት። ኩባንያው ለእነሱ ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት እ.አ.አ. ጥር 4 ቀን 2022 ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ስልክ መደወሉም ሜሴጁም ለመሥራቱ ዋስትና የለም ብሏል። ዋትስአፕ ደግሞ ክላሲኩ የሚሠራበትን ብላክቤሪ 10 የተባለ ሲስተም የተወው እ.አ.አ. በ2017 መጨረሻ ነው። ቢቢኤም የሚባለው የድሮው መላላኪያም ለተራው ሰው እ.አ.አ. በግንቦት 31 ቀን 2019 ተዘግቷል። ሻጩ «ቢቢኤም አለው» ካላት፣ ያ አፕ ዛሬ ከማንም ጋር አያገናኛትም። ያንቺ ግን ቲሲኤል የሚባለው ኩባንያ እ.አ.አ. በ2018 ያወጣው አንድሮይድ ነው። ዋትስአፕም ቴሌግራምም ይሠሩበታል። ኪቦርድ የግድ ከፈለገች በአንድሮይድ የሚሠራውን ብላክቤሪ ኪይ-ዋን ወይም ያንቺን ዓይነት ትፈልግ፣ ባትሪውን ግን አስፈትሻ ትግዛ፤ አዲስ ተመርቶ የሚመጣ ስለሌለ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ዕድሜ አለው።

ያንቺም ቢሆን አንድ ጉዳይ አለበት፣ አልደብቅሽም። ቲሲኤል ድጋፉን ያቆመው እ.አ.አ. በነሐሴ 2022 መጨረሻ ነው። የደኅንነት ማሻሻያ ከእንግዲህ አይመጣለትም። ለዘፈን፣ ለሜሴጅ፣ ለስልክ ጥሩ ነው። የባንክ አፕና ቴሌብር ግን ሌላ አዲስ ስልክ ካለሽ እዚያ ላይ አድርጊው። በቴሌግራም «ይሄን ጫኚ» ተብሎ የሚላክ አፕ ደግሞ በፍጹም እንዳትከፍቺ፣ የምታውቂው ሰው ቢልከውም።

የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። የሚጫን ኪቦርድ በየቁልፉ ሥር ክፍተት አለው፣ ውኃ ከገባ ደግሞ ቀስ እያለ ያዝገዋል። ዝናብ ላይ አውጥተሽ አትጻፊ። ድንገት ከረጠበ ወዲያው አጥፊው፣ ቻርጅ ላይ አታድርጊው፣ ሩዝ ውስጥ መክተትም አይጠቅምም፣ እንዳለ ለባለሙያ አምጪው። በቶሎ ከተከፈተና በአልኮል ከተጠረገ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

አሁን በተኗን ተጭነሽ ሞክሪና ዘፋኙ ተመልሶ እንደሆነ ጻፊልኝ። ካልተመለሰ ስልኩንም፣ ኢርፎኑንም፣ ካርዱንም ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናየዋለን።